ገጠርና ከተማ በፖለቲካ ለምን ይለያያሉ?

(ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች የተዘጋጀ ተጨማሪ ንባብ)

በትምህርት ቤታችን ስለ አገራችን ምርጫና ስለ መንግሥት ፖሊሲ በተነሣ ቁጥር ከተማሪዎቻችን አፍ ቶሎ የሚወጣ አንድ አባባል አለ። «ገበሬው የነገሩትን ነው የሚመርጠው፤ ፖለቲካ አይገባውም» ይላሉ። ልጆቻችን ይህን የሚሉት ከክፋት አይደለም። አብዛኞቹ ተወልደው ያደጉት እዚሁ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ነው፤ ለእረፍት ወደ አገር ቤት ሲሄዱም የሚያርፉት ድሬዳዋ ወይም አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ነው። ከገጠር በቅርብ ዓመታት የመጡ ተማሪዎች ደግሞ በፊናቸው «ከተሜ ስለ ዳቦው እንጂ ስለ አገር አያስብም» ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱ አባባሎች በአንድ ክፍል የሚቀመጡ ልጆችን ሲያቀያይሙ ስላየን፣ የዘንድሮውን የመጽሔታችንን የትምህርት ጽሑፍ በዚህ ጉዳይ ላይ ለማድረግ ወሰንን።

የጽሑፉ ዓላማ የትኛው ወገን ትክክል እንደሆነ መፍረድ አይደለም። ማሳየት የምንፈልገው የገጠርና የከተማ የፖለቲካ ልዩነት የሚመነጨው ከዕውቀት ማነስና መብዛት ሳይሆን ሰው ከሚኖርበት ኑሮ መሆኑን ነው። ይህንንም በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ በሚታወቁ ምሳሌዎች እንመለከታለን።

1. ስለ ቃላቱ

«ገጠር» ስንል አብዛኛው ነዋሪ በእርሻና በከብት እርባታ የሚተዳደርበትን አካባቢ ማለታችን ነው። «ከተማ» ስንል ደግሞ በደመወዝ፣ በንግድ፣ በእጅ ሥራና በአገልግሎት የሚኖርበትን። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የኢትዮጵያ ሕዝብ 73.9 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን፣ ከመቶ 84 ያህሉ የገጠር ነዋሪ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተሞች በፍጥነት ቢያድጉም አብላጫው ሕዝብ ዛሬም በገጠር ነው የሚኖረው።

«የፖለቲካ ልዩነት» ስንልም የፓርቲ ምርጫን ብቻ ማለታችን አይደለም። ሰው ከመንግሥት ምን ይጠብቃል? ምንድን ነው የሚፈራው? ቅሬታውንስ በምን መንገድ ያሰማል? በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ያለውን ልዩነት ሁሉ ይጨምራል።

ሳናልፍ አንድ ቃል እናንሣ። «ባላገር» የሚለውን ቃል ልጆቻችን እንደ ስድብ ይጠቀሙበታል። ቃሉ ሲፈታ «ባለ አገር» ነው፤ አገር ያለው፣ የአገሩ ባለቤት ማለት ነው። የክብር ትርጉም የነበረው ቃል ወደ ስድብ የተለወጠው ከተማው ገጠሩን ዝቅ አድርጎ ማየት ሲጀምር ነው።

2. መሬት

በንጉሡ ዘመን በተለይ በደቡቡ የአገራችን ክፍል ብዙው ገበሬ ጭሰኛ ነበር። የሚያርሰው የባለ መሬት ርስት ነው፤ ከምርቱ ሲሶውን፣ አንዳንዴም እኩሌታውን ለባለ መሬቱ ያስገባል፤ ባለ መሬቱ ሲፈልግ ያስነሣዋል። ይህን ሥርዓት በአደባባይ የተቃወሙት በዋናነት የከተማ ወጣቶች ነበሩ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ሰልፍ ወጡ። አብዛኞቹ በእጃቸው ማረሻ ጨብጠው የማያውቁ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ከተማው ለገጠሩ ተቆርቁሮ አያውቅም የሚለው አባባል ስሕተት ነው።

ገበሬው ዝም ብሎ ይገዛ ነበር የሚለውም እንዲሁ ስሕተት ነው። በ1960 ዓ.ም. አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር በመቃወም የጎጃም ገበሬዎች ተነሥተዋል፤ የባሌ ሕዝብም ለዓመታት በአመፅ ቆይቷል። የጎጃሙ አመፅ መንግሥት ግብሩን በኃይል ከማስከፈል እንዲታቀብና ውዝፉን እንዲምር አስገድዶታል። ገበሬ ሰልፍ ስለማይወጣ ፖለቲካ የለውም ማለት አይቻልም። ፖለቲካው መሬቱ ላይና ግብሩ ላይ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ወጣ። አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 10 ሄክታር ሆነ፤ ጭሰኝነት ቀረ፤ የገበሬ ማኅበራትም ተቋቋሙ። አምስት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 19 ቀን፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች አዋጅ ተከተለ። በዚህኛው የቤት ኪራይ ቀነሰ፤ የከተማ ነዋሪዎች ቀበሌዎችም ተመሠረቱ። ልብ በሉ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ለገጠሩ የመሬት፣ ለከተማው የቤት አዋጅ ወጣ። ለእያንዳንዱ የጭንቀቱ ምንጭ ሌላ ስለነበር መልሱም ሌላ ሆነ።

በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን «እድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ» ተብሎ ወደ ገጠር ዘመቱ። ዘማቾቹ ፊደል አስተማሩ፤ የገበሬ ማኅበራትን በማደራጀት ረዱ። ይሁን እንጂ ብዙ ቦታ አለመግባባት ተፈጠረ። ከዘማቾቹ መካከል የጋራ እርሻን የሚሰብኩ ነበሩ፤ ገበሬው ግን ይፈልግ የነበረው የራሱን ማሳ ይዞ የራሱን ምርት ወደ ጎተራው ማስገባት ነበር። ሁለቱም ወገን «መሬት ለአራሹ» ይላል፤ አንዱ የሚያስበው ስለ ሥርዓት ነው፣ ሌላው ስለ ልጆቹ የዓመት ቀለብ።

3. የእህል ዋጋ

ገጠርና ከተማን በየዕለቱ የሚያገናኘውም የሚያጋጨውም ገበያ ነው። እህል ሲወደድ የከተማ ደመወዝተኛ ይቸገራል፤ እህል ሲረክስ ገበሬው ለልጁ ደብተር፣ ለማዳበሪያ ዕዳና ለግብር የሚሆን ገንዘብ ያጣል። መንግሥት ከሁለት አንዱን ማስከፋቱ አይቀርም።

በደርግ ዘመን መንግሥት የከተማውን ወገን መርጦ ነበር። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬ ማኅበራት በኮታና ከገበያው ባነሰ በተወሰነ ዋጋ እህል ይሰበስብ ነበር። ይህ እህል ለጦር ሠራዊቱና በቀበሌ ሱቆች በኩል ለከተማ ነዋሪው በርካሽ ይከፋፈላል። ምርቱ ኮታውን ያልሞላለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ የሚያስረክብበት ጊዜ ነበር። በቀበሌ ሱቅ ተሰልፎ ጤፍ የገዛ የከተማ ሰው ያንን ዘመን «እህል በርካሽ የሚገኝበት» ብሎ ሊያስታውሰው ይችላል፤ ያንኑ ጤፍ ያመረተው ገበሬ የሚያስታውሰው ኮታውን ነው። የኮታው አሠራር የቀረው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነበር።

ነገሩ ከደርግ ጋር አብሮ አልተቀበረም። በ1998 ዓ.ም. መንግሥት የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ አገደ፤ የተጋገረ እንጀራ ግን ተፈቀደ። ምክንያቱ በአገር ውስጥ፣ በተለይም በከተማ፣ የጤፍ ዋጋ እንዳይንር ነበር። ጤፍ አምራቹ ገበሬ በበኩሉ ምርቱን በውጭ ገበያ ዋጋ እንዳይሸጥ ሆነ። እኛ በውጭ የምንኖር ሰዎች እንጀራችንን ስንቆርስ ይህን ማስታወስ ይገባናል።

በዚህ በጅቡቲ ደግሞ ይህን ክርክር በዓይናችን ማየት እንችላለን። ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው ማዳበሪያ በብዛት የሚራገፈው በዚህ ወደብ ነው። ከውጭ የሚገዛው ስንዴም በዚሁ በኩል ያልፋል። ማዳበሪያው የሚሄደው ወደ ገበሬው ነው፤ ክረምት ሳይገባ ካልደረሰ ጥቅሙ ይቀንሳል። ከስንዴው ውስጥ ለእርዳታ የሚሄድ አለ፤ ለዓመታት ግን መንግሥት ገዝቶ ለከተማ ዱቄት ፋብሪካዎች ከገበያ ባነሰ ዋጋ ሲያከፋፍለው ኖሯል። ሁለቱም የሚገዙት በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ምንዛሪው ሲያጥር የትኛው ይቅደም የሚለው ጥያቄ ፖለቲካ ይሆናል። ርካሽ ስንዴ ሲገባ በአዲስ አበባ የዳቦ ቤቱ ሰልፍ ያጥራል፤ ያው ስንዴ የአርሲና የባሌን ስንዴ አምራች ዋጋ ሊያወርድበት ይችላል። ዓለም አቀፉ የማዳበሪያ ዋጋ በናረበት በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱም ወገን ተጎዳ፤ ገበሬው በማዳበሪያው፣ ከተሜው በእህሉ።

4. መንግሥት ለማን በየት በኩል ይደርሳል?

ለከተማ ነዋሪ መንግሥት ብዙ መሥሪያ ቤት ነው። የንግድ ፈቃድ በአንዱ፣ የመብራት ጉዳይ በሌላው፣ መታወቂያ በወረዳ ይጠየቃል። አንዱ ቢያስቸግር ሌላው ጋ አቤት ማለት ይቻላል። ደመወዙ ከግል ድርጅት ከሆነ ኑሮው ከሹሙ እጅ በመጠኑም ቢሆን ይርቃል። ጋዜጣ አለ፣ ሻይ ቤት አለ፣ የማያውቀው ሰው መካከል ተቀምጦ ሐሳቡን መናገር ይችላል።

ለገበሬው ግን መንግሥት በአብዛኛው አንድ በር ነው፤ እርሱም የገበሬ ቀበሌው። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ፣ የማዳበሪያው ብድር፣ የግብሩ ደረሰኝ፣ በድርቅ አካባቢ ደግሞ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሴፍቲኔት እርዳታው የሚያልፈው በዚሁ በር ነው። በምርጫ ጊዜ ሕዝቡን የሚቀሰቅሱትም ብዙ ጊዜ እነዚያው የቀበሌ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም በስም ያውቁታል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት የወጣው ከእንዲህ ዓይነቱ ኑሮ ነው። እንዲህ ያለ ገበሬ ድምፁን ሲሰጥ ብዙ ነገር አስልቶ ነው። ጥንቃቄውን ካለማወቅ ጋር ልናምታታው አይገባም።

ይህ ማለት ገበሬው ያለውን መንግሥት የሚመርጠው በፍርሃት ብቻ ነው ማለትም አይደለም። ቀበሌው ውስጥ ትምህርት ቤት ተከፍቶ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መጥታ፣ መንገድ ተጠርጎ ያየ ሰው ያንን ማመዛዘኑ አይቀርም። ለከተሜው ትምህርት ቤትና መንገድ ድሮም የነበሩ ናቸው፤ እርሱ የሚለካው በሥራ ማግኘትና በቤት ኪራይ ነው።

5. የ1997 ዓ.ም. ምርጫ

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የተካሄደው ምርጫ ለዚህ ትምህርት ጥሩ ማሳያ ነው። በአዲስ አበባ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከተመደቡት 23 መቀመጫዎች ሁሉንም፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች ደግሞ 137ቱን ቅንጅት አሸነፈ። በአገር አቀፍ ውጤት ግን ኢሕአዴግ ከ547 መቀመጫዎች 327ቱን እንዳገኘ ታወጀ፤ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 አገኙ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው የቁጥር ነው። የአዲስ አበባ 23 መቀመጫዎች ከ547ቱ ከመቶ 5 እንኳ አይሞሉም። አንድ የከተማ ሰው የሚያውቃቸው ጎረቤቶቹ፣ የሥራ ባልደረቦቹና ዘመዶቹ ሁሉ ለአንድ ፓርቲ ድምፅ ሲሰጡ ካየ «አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው» ብሎ ማመኑ አያስገርምም። ገጠር የሚኖረውም እንደዚያው በአካባቢው ያየውን የአገር ሁሉ አድርጎ ይወስዳል። ውጤት ሲነገር አንደኛው ወገን አላመነም። ከምርጫው በኋላ የተነሣው ውዝግብ ሌሎችም ምክንያቶች ነበሩት፤ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የሰው ሕይወት መጥፋቱንም ማንም አይረሳውም። ከተማና ገጠር የማይተያዩ መሆናቸው ግን ጥርጣሬውን አባብሶታል።

ሁለተኛው ትምህርት መሬትን የሚመለከት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም። ቅንጅት መሬት የግል ሊሆን ይገባል የሚል አቋም ነበረው። ኢሕአዴግ ደግሞ «መሬት ከተሸጠ ገበሬው በችግር ቀን ሸጦ ባዶ እጁን ይቀራል» እያለ ቀሰቀሰ። በከተማ ለሚኖር የተማረ ሰው የመሬት መሸጥ የንብረት መብትና የልማት ጉዳይ ነው። ጭሰኝነትን በዓይኑ ላየ ወይም ከአባቱ ለሰማ የገጠር ሰው ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ «ነገ ማን ያስነሣኛል?» ይላል። ሁለቱም ክርክሮች ምክንያት አላቸው፤ በሚገባ ልንመዝናቸው ይገባል።

አንድ ማስተካከያ እንጨምር። በዚያው ምርጫ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በርካታ የገጠር ወረዳዎችን ያሸነፉት ተቃዋሚዎች ናቸው። ስለዚህ «ገጠሩ ሁሉ ለገዢው፣ ከተማው ሁሉ ለተቃዋሚው» ማለት ከውጤቱ ጋር አይስማማም።

6. ከተማው ገጠሩን ሲነካ

ልዩነቱ ይበልጥ የሚያመው ከተማው በሚሰፋበት ዳርቻ ላይ ነው። ለከተማ ተከራይ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የዕድሜ ልክ ተስፋ ነው። ሕንፃው የሚቆምበት መሬት ግን ትናንት የአንድ ሰው ጤፍ ማሳ ሊሆን ይችላል።

ሕጉን በቁጥር እንየው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 እንደሚለው፣ መሬቱን ለዘለቄታው የሚለቅ ገበሬ የመፈናቀያ ካሣ የሚከፈለው የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነው። ለመለማመጃ ያህል፣ አንድ ሄክታር በዓመት 20,000 ብር ያስገባል ብንል ካሣው 200,000 ብር ይሆናል። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ ለአንድ ካሬ ሜትር 20 ብር ደረሰው ማለት ነው። በአዲስ አበባ የሊዝ ጨረታ ደግሞ ለአንድ ካሬ ሜትር በሺዎች የሚቆጠር ብር ሲቀርብ ተሰምቷል። በእርግጥ በመካከሉ መንገድ፣ ውኃና መብራት ለመዘርጋት ወጪ ይወጣል፤ ከመሬቱም ገሚሱ ለመንገድና ለክፍት ቦታ ይውላል። ይህ ሁሉ ተቀንሶም ቢሆን ገበሬው ያመረተው እህል ተገመተለት እንጂ መሬቱ አልተገመተለትም። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ብዜቱን ወደ 15 ማሳደጉ ቅሬታው መሠረት እንደነበረው ያሳያል።

አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ለማስተሳሰር ታስቦ የነበረው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ የገጠመው ከዚህ ሥጋት ጋር ተያይዞ ነበር። ተቃውሞው በ2008 ዓ.ም. እንደገና ሲነሣ በብዙ የኦሮሚያ አካባቢዎች ተስፋፋ፤ ብዙ ሰዎችም ሞቱ። ዕቅዱ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። በጉዳዩ ውስጥ የማንነትና የክልል ሥልጣን ጥያቄዎችም ነበሩበት፤ ሁሉንም ከገጠርና ከከተማ ልዩነት ብቻ ማምጣት አይቻልም። ይሁን እንጂ ለፕላን አዘጋጁ «የከተማ ዕድገት» የነበረው ነገር ለገበሬው «መነሣት» ማለት እንደነበር ማስተዋል ያስፈልጋል።

7. ጥንቃቄ

ገጠር አንድ ዓይነት አይደለም። የ1967ቱን አዋጅ በደስታ የተቀበለው በተለይ የደቡቡ ጭሰኛ ነበር። በሰሜን፣ በጎጃምና በጎንደር፣ በዘር የሚወረስ ርስት ለነበረው ገበሬ አዋጁ ያን ያህል አዲስ ነገር አላመጣለትም፤ ርስቱን የሚያሳጣው መስሎት የሠጋም ነበር። አርብቶ አደሩን ደግሞ አስቡት። ከጅቡቲ በጋላፊ በኩል ወደ አዲስ አበባ በመኪና የሄደ ሰው የአፋርን ምድር ያውቀዋል። በአዋሽ ሸለቆ የጥጥ እርሻዎች ሲስፋፉ የተወሰደው መሬት ለአፋሮች ከብት የበጋ ግጦሽ ነበር። ለአርብቶ አደር ዋናው ጥያቄ የማሳ ደብተር ሳይሆን የመንቀሳቀሻና የውኃ መንገድ ነው።

ከተማም እንዲሁ ነው። የፎቅ ባለቤቱና በረንዳ ላይ የሚያድረው የቀን ሠራተኛ አንድ ፖለቲካ የላቸውም። ያ የቀን ሠራተኛ ምናልባት ባለፈው ዓመት ገበሬ ነበር። በቤታችንም ብዙ ወላጆች ከዚህ ከተማ ሠርተው በሐረርጌ ወይም በወሎ ገጠር ለሚኖሩ እናትና አባታቸው ገንዘብ ይልካሉ። አንድ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ የከተማም የገጠርም መሆኑን ከዚህ ማየት ይቻላል።

8. ማጠቃለያ

ውድ ተማሪዎች፣ ከእናንተ አንዳንዶቹ ነገ አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ትገባላችሁ፤ አንዳንዶቹ የፕላን መሐንዲስ፣ ነጋዴ፣ ጋዜጠኛ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ትሆናላችሁ። ያኔ ስለማታውቁት ሰው ኑሮ የሚወሰን ወረቀት በእጃችሁ ይገባል። አንድ ፖሊሲ ጥሩ ነው ሲባል «ለማን?» እና «ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?» ብላችሁ መጠየቅን ከአሁኑ ልመዱ። መልሱን ለማግኘትም ያንን ሰው ራሱን ጠይቁ። ከእናንተ የተለየ ድምፅ የሰጠ ሰው ስታገኙ አላወቀም ከማለታችሁ በፊት መሬቱ በማን እጅ እንዳለ፣ እህሉን ስንት እንደሸጠ፣ አቤቱታውን የት እንደሚያቀርብ እወቁ። ገበሬ ልጆች የሆናችሁትም ስለ ከተሜው እንዲሁ አድርጉ፤ የወር ደመወዙ ከቤት ኪራይ በኋላ ስንት እንደሚተርፈው ጠይቁት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ መከልከሉ ማንን ጠቀመ? ማንንስ ጎዳ? እናንተ ብትወስኑ ምን ታደርጉ ነበር?

2. በክፍል 6 የተሰጠውን ስሌት በአዲሱ አዋጅ መሠረት ገቢውን በ15 በማባዛት ሥሩ። ለአንድ ካሬ ሜትር ስንት ብር ይደርሳል? በቂ ነው ትላላችሁ?

3. መሬት ይሸጥ፣ አይሸጥ? ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ይከራከር። ከከተማ የመጡት የገበሬውን፣ ከገጠር የመጡት የከተሜውን ወገን ይያዙ።

4. ገጠር ለኖሩ አያቶቻችሁ ወይም ለሌላ ዘመድ ስልክ ደውላችሁ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች አቅርቡላቸው፦ «በሕይወትዎ ከመንግሥት ያገኙት ትልቁ ነገር ምንድን ነው? የወሰደብዎትስ?» መልሱን በራሳቸው ቃል ጽፋችሁ አምጡ። በሚቀጥለው ዓመት መጽሔት ላይ ከመልሶቹ የተመረጡትን፣ ባለቤቶቹ ከፈቀዱ፣ ስማቸውን ሳንጠቅስ እናወጣለን።